ባሕሩ ላይ ያስቀመጥኩት ድሪያ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። የዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምነግርሽ ያኔ ሰዓት አስሬ ስለነበር አይደለም። ጂቡቲ ውስጥ ያንን ሰዓት ማንም አይስተውም። ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ የሚያከፋፍሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በየሰፈሩ ይበተናሉ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቁ ሰው ሁሉ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ መንገዱ ለፍየሎችና ለልጆች ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ "ለምንድን ነው በዚህ ሰዓት ከወንበርሽ እየተነሳሽ መስኮቱ ጋ የምትሄጂው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ "ሙቀቱ ነው" ብዬሽ ነበር። ሙቀቱ አይደለም። ባሕሩ ሲሸሽ የሚተወው ጭቃ፣ ጨውና በፀሐይ የደረቀ የባሕር ሣር ተደባልቆ የሚሸተው ነገር ነው። ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ እግሬ አላርፍ ይለኛል። ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ ከመጣን ሰባት ወር ሆኖናል። አባቴ ወደብ ላይ የጭነት ሰነድ የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነበር፤ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ግድግዳዋ ጣውላ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ እናቴንና እኔን አመጣን። ከጣውላው ወዲያ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ግድግዳችንን እያንቀጠቀጠ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላ ነበር ማለት ይቻላል። ሰውየው ከኢሳ ጎሳ የሆነ ሶማሌ ነው፣ እዚሁ የተወለደ፤ ሙያውን የተማረው ግን በወጣትነቱ ድሬዳዋ ሄዶ ነው። ሚስቱንም ከዚያው ነው ያመጣት። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ አማርኛና ሶማሊኛ እኩል ይነገር ነበር፤ እኔ እሱን "አዴር" እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሚስቱን ደግሞ "እትዬ"። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። በዕድሜ እኩያዬ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ተቃራኒዬ።

የሰፈሩ ልጆች ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ነበር የሚጮኹት። እኔ አማርኛዬንም ጮክ ብዬ የምናገር ልጅ አልነበርኩም። ሱዚ ሲጫወቱ አዲስ ልጅ የሚሰጣትን ሥራ ሰጡኝ፤ ላስቲኩን በእግሬ ወጥሬ መቆም። ሁለት ወር ቆምኩ። ከቁርጭምጭሚት ጉልበት፣ ከጉልበት ወገብ፣ ከወገብ ብብት፤ ላስቲኩ ከፍ ባለ ቁጥር ሌሎቹ ይዘላሉ፣ እኔ እንደ አጥር ግንድ ቆሜ እግራቸውን አያለሁ። ተራዬ ደርሷል ለማለት አፌን ከፈት አደርግና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ላስቲኩ የሰፊው ልጅ ነበር። አባቷ ከቀሚስና ከሱሪ ወገብ የተረፈውን ይሰጣታል፤ እንደሷ ረጅም ላስቲክ ያላት ልጅ በሰፈሩ አልነበረችም። አንድ ቀን ጨዋታው መሀል ላይ ላስቲኩን ከእግሯ አወጣችና "ይቺ ልጅ ካልዘለለች ጠቅልዬ ልገባ ነው" አለች።

"አትችልም እኮ!" አለቻት የመጨረሻው ቤት ረጅሟ ልጅ።

"አንቺ በምን አወቅሽ? እግሯን ጠይቀሽው ነው? ነይ አቦ፣ ዝለዪ!"

ዘለልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ሆነች፤ ማናችንም "ጓደኛሞች እንሁን" አላልንም።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልመልስሽ። የጫቱ መኪና ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ በራችንን በጣቷ ጥፍር ቧጨረች፤ እናቴ ተኝታ ስለነበር አላንኳኳችም። ብብቷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከላይ ፌስታል የለበሰ ነገር ይዛለች።

"ዛሬ ማታ የምትዳረዋ ሙሽራ ድሪያ ነው፤ አባ ነው የሰፋላት። አብረሽኝ ነይ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ማድረስ አለብኝ።"

ጋዜጣውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ሰፋ ያለ የሶማሌ ቀሚስ ነው፤ የሎሚ ቢጫ ሆኖ ብርማ ክር ዳር ዳሩን ይዞራል። ጨርቁ ከመሳሳቱ የተነሳ እጇ በሥሩ ይታይ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። "አክስቴ ትናንት መጥታለች" አለችኝ።

አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ከዚህ ራቅ ባለችው አሊ ሳቢዬ ከተማ ሱቅ አላት፣ ልጅ ግን የላትም። በየጥቂት ወሩ ዕቃ ልትገዛ ወደ ከተማ ስትመጣ "ልጅቷን ስጠኝ፣ እኔ ጋ ትደግ፣ እዚህ ከወንድ ጋር ስትሯሯጥ ልትበላሽ ነው" ትላለች። እናቷ ታለቅሳለች፣ አባቷ "እስቲ እናያለን" ይላል። በዚህኛው ጊዜ ግን "እናያለን" አላለም። "ልጄማ እጄ ናት፤ ሥራዬን የምታደርስልኝ እሷ ናት" ብሎ ለእህቱ ነግሯት ነበር።

"ይኼን በሰዓቱ ካደረስኩ አክስቴ አፏን ትይዛለች" አለች ጓደኛዬ። "ነገ ጠዋት ትመለሳለች። ዛሬን ብቻ ጥሩ ልጅ ልሁን፣ ወላሂ ነገ እንደፈለግኩ እሆናለሁ።"

የሙሽራዋ ቤት ሩቅ አልነበረም። በባሕሩ ዳርቻ በኩል ብንሄድ ነፋስ እናገኛለን ብለን በዚያ ዞርን። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። አይተሽው ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ ሲሸሽ ዝም ብሎ ይሸሻል፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ይሆናል፣ ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም የቀረ ውኃ እንደ መስታወት ስባሪ ያበራል። አሸዋው እርጥብና ጠንካራ ስለሆነ ለመዝለል ከሰፈሩ አቧራ አሥር እጥፍ ይሻላል። የሰፈራችን ልጆች እዚያ ወርደው ነበር።

"ኑ! ሦስተኛ ሰው የለንም!" ብለው ጠሩን።

"መልእክት ይዘናል!" አለች ጓደኛዬ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የምነሳና የምቀመጥበት ነገር ያለው። ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወገብ ላይ ደርሼ ሳልጨርስ ነበር የተበተንነው። ሌሊቱን ሁሉ በሐሳቤ ስዘል አድሬያለሁ። ቀሚሷን ያዝ አደረግኩና "አንዴ ብቻ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። በሰባት ወር ውስጥ ከእሷ አንድም ነገር ለምኜ አላውቅም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው አንድ ቀን ሲለምንሽ እምቢ ማለት እንደሚከብድ ያኔ አላወቅኩም። ፀሐይዋን በእጇ ከልላ ተመለከተች። "እሺ፣ አንዴ። ግን አንቺ አስቀምጪው፤ አንቺ ጠንቃቃ ነሽ" ብላ ጥቅሉን ሰጠችኝ።

ጠንቃቃ ነበርኩ፤ እውነቷን ነው። ቆሜ አሰብኩ። ዳርቻው ላይ ብተወው ፍየሎች አሉ። የካርቲየ ሰባት ፍየል ሣር አይቶ አያውቅም፤ ካርቶንና ጋዜጣ ነው ቀለቡ። ስለዚህ ፍየል ወደማይደርስበት መራቅ አለብኝ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሜዳው ገባ ብሎ አናቱ የደረቀ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ቀና ብዬ ተራራ ፈለግኩ።

የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱን ታውቂዋለሽ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ገበያ ይዘረጋበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። እናቶቻችን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተማሩን። ወንዙ ውስጥ ከመውረድሽ በፊት ወደ ላይ ወደ ተራራው እዪ፤ እዚያ ደመና ካለ አትውረጂ፣ ጎርፉ ሳትሰሚው ይደርስብሻል። እኔም ከከተማው ጀርባ ወዳሉት ተራሮች ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከትኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንዲት የደመና ቁራጭ የለችም። ልቤ አረፈ። ድሪያውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ነፋስ እንዳይወስደውም ጠጠር ጫንኩበት።

ከዚያ ዘለልኩ። ወገብ ጨረስኩ። ብብት ላይ ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው ገባሁ። "አንዴ ብቻ" ያልኩት እኔ ራሴ "ድገሙኝ" እያልኩ ነበር፤ ጮክ ብዬ፣ በሶማሊኛ። ረጅሟ ልጅ እንኳን "ይቺ ነገር ጅኒ ገባባት እንዴ?" ብላ ሳቀች። ጓደኛዬ ላስቲኩን ይዛ በተራዋ እንደ ግንድ ቆማለች፤ ልብሷ ላብ ጠጥቶ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል፣ በኔ ምክንያት ደስ ብሏት ጥርሷ አይከደንም። እንደዚያን ቀን የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ ተረከዜን ሞቅ አለው። ውኃ መሆኑን አላወቅኩም፤ ሙቀቱ ከሰውነቴ ጋር አንድ ነበር። ወደ ታች ሳይ የረገጥኩባቸው ዱካዎች በሙሉ ሞልተው ያበራሉ። ጓደኛዬ ላስቲኩን ጣለች።

"የት ነው ያስቀመጥሽው?"

በእጄ አመለከትኩ። ድንጋዩ ደሴት ሆኗል። በእኛና በእሱ መካከል ውኃው ከኋላ በኩል በዝቅታው ገብቶ ዞሮናል፤ ድምፅ የለው፣ ማዕበል የለው፣ እንደ ሌባ። ሮጠን ገባን። ጉልበታችን ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወገባችን። እኛ ሳንደርስ ጥቅሉ ተንሳፈፈ፤ ጠጠሩ ወረደ፣ ፌስታሉ አፉን ከፈተ፣ ጋዜጣው ተላቀቀ። ጓደኛዬ በጨርቁ ጫፍ ይዛ ስታወጣው በሎሚ ቢጫው ላይ የጋዜጣው ቀለም ጥቁር ጥቁር ሆኖ ወርዶበታል፣ ብርማው ክር ጭቃ ጠጥቶ ገመድ መስሏል።

"ኢትዮጵያዊቷ ባሕሩን ወንዝ መሰላት!" ብላ ጮኸች ረጅሟ ልጅ ከዳርቻው። ሌሎቹ ሳቁ።

"ዝም በይ አቦ! አንቺ ድሬ ብትሄጂ በመጀመሪያው ቀን ነው ጎርፍ የሚወስድሽ!" አለቻት ጓደኛዬ። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወደኔ ስትዞር ግን ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ድሪያውን ጨምቃ በእጇ ላይ አጠፈችው። እስከ ቤት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ "አንቺ ዝም በይ፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ዝም ማለት እችልበት ነበር።

ሰፊው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በረንዳው ላይ ይቅም ነበር። ሲያየን ተነሳ። አክስቷም በር ላይ ብቅ አለች፤ ከጀርባዋ እትዬ። ሰፊው ድሪያውን ከልጁ እጅ ወስዶ ዘረጋው፣ በፀሐይ ላይ አየው። የቁጣ ሰው አልነበረም። ቢጮህ ኖሮ ምናልባት ደንግጬ እናገር ነበር።

"የት ነበር?" አለ።

"ባሕሩ ላይ። ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ውኃው መጣ።"

"ማን ነው ያስቀመጠው?"

"እኔ።"

"አንቺ?" አለ። "በእግርሽ መሄድ ሳትጀምሪ ውኃውን ያወቅሽ ልጅ፣ አንቺ የውኃውን መመለሻ ሰዓት ረሳሽ?"

"ረሳሁ አባ።"

ከዚያ ዓይኑን ወደኔ አዞረ። አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ አየኝ፣ ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ሰጠኝ። እግሬን አየሁ። በጣቶቼ መካከል ጭቃው ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ጭቃውን አየሁ፣ አየሁ፤ ቀና ስል ሰፊው ገብቷል።

ሠርጉን እትዬ አዳነችው። ለዒድ ያስቀመጠችውን፣ አንድም ቀን ያልለበሰችውን አረንጓዴ ድሪያ ከሣጥን አወጣች። ሰፊው በሙሽራዋ ልክ ሲያጠበው የስፌት መኪናው ያለ ዕረፍት ሲሮጥ ሰማሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ራሱ ይዞት ወጣ። እኔ ቤታችን ውስጥ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እመላለሳለሁ። እናቴ "ልጄ፣ ጉንዳን ወርሮሻል? እስቲ ተቀመጪ!" አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ መልሼ ተነሳሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፊው ተመልሶ መጣ። ጣውላው ምንም አይደብቅም ነበር። እትዬ እያለቀሰች "ለአንድ ጨርቅ ብለህ ልጄን?" ስትለው ሰማሁ።

"ጨርቁ አይደለም" አላት። "ጨርቅ ይሰፋል። ፊቴ ቆማ ዋሸችኝ። አንቺም አውቀሻል፣ እኔም አውቄያለሁ። እንዲህ ዓይኗን ሳታርገበግብ መዋሸት ከየት ለመደች? እህቴ ልክ ናት፤ መንገድ ነው ያስተማራት። ነገ ይዛት ትሂድ።"

ጣውላው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጓደኛዬን የሚያስቀራት ልብስ ማጠብም ምልጃም አልነበረም። "እኔ ነኝ" የሚል ቃል ነበር፤ ሁለት ቃል፣ ለዚያውም አጫጭር።

ወደ በሩ ሄድኩ። እዚያው በጣውላው ክፍተት በኩል የጥፍር ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ አልኩ። ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

"እንዳትናገሪ" አለችኝ።

"ግን እኮ አባትሽ..."

"ስሚኝ። ከተናገርሽ እናትሽ ከቤት አታስወጣሽም፤ ከኔ ጋርም አታጫውትሽም። አንቺ እዚህ ከኔ ሌላ ማን አለሽ? እኔ አሊ ሳቢዬ ብሄድ በሁለት ቀን ልጆች አውቃለሁ። አንቺ ግን..." ንግግሯን አልጨረሰችም። "ማይልኝ።"

ማልኩላት። ቃል መጠበቅ ለፈሪ ሰው እንዴት ያለ ምቹ ነገር እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ለመናገር ባሰብኩ ቁጥር መሐላዬን አነሳለሁ፤ አንስቼም ዕረፍት አላገኝም።

አባቴ ሲገባ ጨልሞ ነበር። ፔካ 12 በሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ላይ የተገተሩ መኪኖች ነበሩበት፤ ፀጉሩ ሁሉ የመንገድ አቧራ ሆኖ ነበር። እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?" አልኩት። "ንገሪኝ የኔ እመቤት" አለኝ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ፣ ስለ አንድ ፊርማ መከራከር ጀመረ። ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ "ምን ነበር ያልሽኝ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከአራት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እንደተመለስኩ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። አንድ ልጅ አዝላ፣ አንድ ልጅ በእጇ ይዛ ቲማቲም ትመርጥ ነበር። እኔ ሳላያት እሷ አየችኝ። "የድሬዋ!" ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ስትስቅልኝ፣ ስታቅፈኝ፣ ባሏን፣ ሱቋን፣ የአክስቷን መሞት በአንድ ትንፋሽ ስትነግረኝ ቆየች። በሁለት ቀን ልጆች አውቃለሁ ያለችው እውነቷን ነበር፤ የትም ብትጣል የምትበቅል ሰው ናት። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። "ያን ጊዜ፣ ያ ድሪያ..." አልኳት።

"የቱ ድሪያ?" አለችኝ።

ረስታው ይሁን፣ ወይም እንደ ልማዷ እያዳነችኝ ይሁን አላወቅኩም። ልጇ ቲማቲሙን ረገጠ፤ እሷም ስትቆጣው ነገሩ በዚያው አለፈ። ስልክ ተለዋወጥን። እኔ አልደወልኩም፤ እሷ ሁለት ጊዜ ደውላ ድምፄ ሲጠፋባት "አለሽ? አለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰው ስለ ልጅነት ጓደኝነት ሲያወራ አብሮ መሮጥንና መሳቅን ያነሳል። እኔ ትዝ የሚለኝ ቆማ ላስቲክ ስትይዝልኝ ነው፤ ለመዝለል የተፈጠረች ልጅ ለኔ ስትል ቆማ።

ወደ ልጅነታችን ልመለስና፣ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ከእናቴ በፊት ተነሳሁ። ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ነበር። ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ። መሐላዬን ላፈርስ ቆርጬ ነበር፤ ምን እንደምል በሶማሊኛም በአማርኛም አዘጋጅቻለሁ። አሥር እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው በረንዳቸው ላይ ደረስኩ።

ሰፊው ምንጣፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ድሪያው ታጥቦ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል፤ እድፉ አልለቀቀም። በትንሽ ምላጭ ስፌቱን እየፈታ ብርማውን ክር ያወጣል። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጓደኛዬ የምትተኛበት ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል።

"መኪናው ንጋት ላይ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጣ" አለ፣ ሳልጠይቀው፣ ቀና ሳይል።

ቆምኩ።

"መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ እውነቱን ነገረችኝ" አለ። "ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ አክስቷ ትቸኩላለች፣ እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። 'አባ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ትመጣለች፤ ዓይን አፋር ናት፣ አታናግራት፤ ሥራ ስጣት' አለችኝ።" ምላጩን አስቀመጠና ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ስለዚህ ምንም አትበይ ልጄ።"

ወደ ቤት እንድመለስ፣ ዝም እንድል፣ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። እሷም ከመኪናው ላይ ሆና ከፍታልኝ ነበር።

"አዴር፣ እኔ ነኝ" አልኩት። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ አልኩት፤ በዚህኛው እትዬ ከውስጥ ቀና አለች። "ድንጋዩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንጫወት ብዬ የለመንኳትም እኔ ነኝ። ተራራው ላይ ደመና ስላልነበረ ነው። ውኃው ያለ ደመና የሚመጣ አልመሰለኝም።"

"ደመና" አለ ሰፊው። ድሬዳዋን ያውቅ ነበርና ወዲያው ገባው። ወደ ተራሮቹ በኩል አየ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፣ ከንፈሩ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው።

ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለልኝ። ተቀመጥኩ። የድሪያውን አንድ እጅጌ ጭኔ ላይ አደረገልኝና ክሩ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚወጣ አሳየኝ፤ ጫፉን በጥፍር ፈልጎ፣ ይዞ፣ በቀስታ። ልጆቹ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በበሩ በኩል አለፉ፤ ረጅሟ ልጅ ቆም ብላ አየችኝና ሄደች። እኔ እስከ ጁምዓ አዛን ድረስ ከዚያ ምንጣፍ ሳልነሳ ክር ስመዝ ዋልኩ።